አንቀጽ ዘጠኝ የታገደበት ጥቅምት

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ገና ከቦንጋ ጣሪያዎች ላይ አልተነሣም።

በገሠሠ ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በአንደኛው የላይ ሰፈር ዕድር ተደራዳሪዎች፣ በሌላው የታች ሰፈር ዕድር ተደራዳሪዎች ነበሩ። በመካከል ያለውን ጠረጴዛ የዱቄት ብናኝ ስለሸፈነው ማንም ክንዱን አላሳረፈበትም። እኔ የላይ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የተመረጥኩትም የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ ነው። ዘመኑ የ1992 ክረምት ሲሆን፣ ሬዲዮው በየማታው አልጀርስ ላይ ስለሚደረገው ድርድር ያወራል። እኛም የራሳችን ድርድር ነበረን።

ወፍጮ ቤቱ የተመረጠው ገሠሠ ከሁለቱም ዕድር ስላልሆነ ነው። ፕሮቴስታንት ነው፤ የሚቀበረውም በቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ነው። ዱቄቱ ግን የሁላችንም ነበር።

ሁለቱ ዕድሮች እስከ 1990 ሰኔ ድረስ አንድ ነበሩ። በዚያ ሰኔ በአንድ ሌሊት ሁለት ሰው ሞተ፤ አንዱ ላይ ሰፈር፣ አንዱ ታች ሰፈር። በደንባችን መሠረት ድንኳኑ የሚሄደው መጀመሪያ ጡሩምባ ለተነፋለት ለቅሶ ነው። ጡሩምባ ነፊያችን የሚኖረው ላይ ሰፈር ስለነበር መንፋት የጀመረው ከገዛ ደጁ ነው። ቀድመው የሞቱት ግን የታች ሰፈሩ ጋሽ ለገሰ ነበሩ። ጋሽ ለገሰ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ያንን ድንኳን ሸራውን ገጣጥመው የሰፉት እሳቸው ናቸው። ድንኳኑ ላይ ሰፈር ተተከለ። የልብስ ሰፊው ለቀስተኞች በእንሰት ቅጠል ሥር ተቀመጡ፤ የሰኔን ዝናብ ደግሞ የእንሰት ቅጠል አይመልሰውም።

በሦስተኛው ቀን የታች ሰፈር ሰዎች የዕድሩን መጋዘን ከፍተው አግዳሚዎቹንና ብረት ድስቶቹን ወሰዱ። ድንኳኑ እኛ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኛ ድንኳን ሥር ቆመን እናለቅሳለን፤ እነሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዝናብ ይመታቸዋል።

ሁለቱም አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። ከተማው ውስጥ የነበረችው አንዲት የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ብቻ ስለነበረች ሁለቱንም ደንብ የተየበችው እሷ ናት። ድካም ለመቀነስ አንዱን ከአንዱ ገለበጠች። ስለዚህ የሁለቱ ጠላቶች አንቀጽ ዘጠኝ ከአንድ ቃል በቀር አንድ ነው፦ ማንኛውም አባል ከታች ሰፈር ዕድር አባል ጋር ሰላምታ ቢለዋወጥ፣ ቤቱ ቢገባ፣ እህል ቢቀምስ፣ ለቅሶ ቢደርስ ከዕድሩ ይሰረዛል፤ ሲሞትም ዕድሩ አይቀብረውም። በእነሱ ደንብ «ታች» በሚለው ቦታ «ላይ» ይላል።

ለእኔ ዕድሜ ይህ ወረቀት ነበር። ስልሳን ለተሻገረ ሰው ግን ማን እንደሚሸከመው የሚወስን ሕግ ነው።

የእኛ ወገን ዋና ተደራዳሪ ጋሽ ወልደ ማርያም ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር። የታች ሰፈር ዋና ተደራዳሪ ጋሽ ፍቅሩ ነበሩ፤ በማንኪራ ጫካ ቡናና ቀፎ ያላቸው፣ በካፍኛ ቋንቋ አስበው በአማርኛ የሚቀልዱ ሰው። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ማር ሲቆረጥ ጋሽ ፍቅሩ ዛፉ ላይ ይወጣሉ፤ ጋሽ ወልደ ማርያም ከሥር ሆነው ጭሱን ያበጃሉ። ከጫካ ሲመለሱ የጋሽ ወልደ ማርያም ባለቤት እትዬ በዛወርቅ ጋሽ ፍቅሩን ደጅ ላይ አስቀምጠው ከፀጉራቸው ሰም በጣታቸው ይለቅሙላቸው ነበር። «አንተን ያገባች ሴት ትራስ አጥባ አትጨርስም» ይሏቸዋል። ጋሽ ፍቅሩም «ያላገባሁት ለዚህ ነው» እያሉ ይመልሳሉ።

ዕድሩ ለሁለት የተከፈለው ጋሽ ፍቅሩ ኮታቸውን እዚያ ቤት በር ኋላ ሰቅለው በሄዱበት ሰሞን ነው። ተመልሰው ሊወስዱት አልቻሉም። እትዬ በዛወርቅም ማንም እንዳይነካው ከለከሉ።

በ1992 ጥቅምት፣ የሚካኤል ዕለት፣ እትዬ በዛወርቅ አረፉ። አንቀጽ ዘጠኝ በሥራ ላይ ነበር። ጋሽ ፍቅሩ ሦስቱንም የለቅሶ ቀን ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤቱ ትይዩ፣ ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። መንገዱን አልተሻገሩም። ማታ ማታ ለቀስተኛው ሲበተን እሳቸውም ይሄዳሉ።

ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዕዳ አለበት። «እግዚአብሔር ያጥናህ» የሚባለው ሐዘኑ ያለበት ቤት ተገብቶ፣ ተቀምጦ ነው፤ መንገድ ላይ አይባልም፣ ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይም አይባልም። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ደግሞ ቤቱ የሐዘን ቤት መሆኑ ያበቃል፤ ያልተባለው ሳይባል ይቀራል። ስለዚህ በዚያ ክረምት ጋሽ ፍቅሩ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ መጪው የጥቅምት ሚካኤል ያንን ደጅ መግባት።

የመጀመሪያው ስብሰባ የመጀመሪያ ችግር መነጋገር አለመቻላችን ነበር። ሰላምታ ክልክል ከሆነ ድርድር በምን ይጀመራል? ተደራዳሪዎቹ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። በመጨረሻ ጋሽ ወልደ ማርያም ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ ለእኔ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ አንቀጽ ዘጠኝ ለአንድ ወር ይታገድ አሉ፤ ለሰላምታና ለውይይት ብቻ፣ ድርድሩ እስከ ቀጠለ ድረስ የሚታደስ።

የእኛ ዕድር ሊቀ መንበር አቶ አስፋው የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ናቸው፤ ነገር ቶሎ እንዲመታ ይፈልጋሉ።

«ከምናግደው ለምን አንሽረውም?» አሉ ሐሳቡ ለሰፈራችን ሲቀርብ።

«መሻር ማለት ያን ቀን አንዳችን ተሳስተን ነበር ማለት ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም። «ያ ማን እንደሆነ ይነግሩናል?»

አቶ አስፋው ሊመልሱ ሲሉ ጋሽ ወልደ ማርያም ቀደሟቸው።

«ማገድ ማንንም አያሳፍርም።»

በሁለቱም ሰፈር እጅ ተነሥቶ አንቀጹ ታገደ። ለቅሶና እህል ግን በዕግዱ አልተካተቱም።

ያን ክረምት አሁን ሳስበው የሚመጣልኝ ድምፅ ነው። የተፈቀደው ሰላምታ ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ሰላምታውን አስረዘመው። ገበያ መንገድ ላይ፣ ቅርጫት በጀርባ እንደታዘለ፣ ስለ ላም ይጠየቃል፤ ስለ ጥጃዋ፤ ጂማ ስለሚማረው ልጅ፤ ሺሺንዳ ስላለችው እኅት ወገብ፤ የተተከለው እንሰት ስለ መጽደቁ። ሰላምታው ውስጥ ሠርግ ይታጨቃል፣ ምክር ይታጨቃል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነገረ ወሬ ይታጨቃል። «ገና ሰላም እየተባባልን ነው» ይላሉ የሚያልፍ ሰው ሲያያቸው። ከዚያ በኋላም በዚያች ከተማ እንደዚያ ተጠያይቀን አናውቅም።

ድርድሩ በየእሑዱ ቀጠለ። ወፍጮው ሲነሣ እናቆማለን፤ ሲጠፋ እንቀጥላለን።

«ስለ ድስቶቹ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ክዳኖቹ እንነጋገር» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም አንድ እሑድ።

«ክዳን የድስት አካል ነው» አሉ ጋሽ ፍቅሩ።

«ለእርስዎ ነው። በሕግ ክዳን ራሱን የቻለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው።»

«ድስቱስ ሥር ሰድዷል እንዴ?»

ገሠሠ ከውስጥ ሳቀ።

«እርስዎ ፍርድ ቤት የኖሩት ነገር ለማስረዘም ነው ሲሉኝ አላምንም ነበር» አሉ ጋሽ ፍቅሩ።

«እርስዎም ከንብ ጋር ኖረው ማሩን ትተው መናደፉን ነው የተማሩት።»

ጠረጴዛው ላይ «እርስዎ» ይባባላሉ። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ አንዱ በመንገዱ ግራ፣ ሌላው በመንገዱ ቀኝ ሆነው፣ «አንተ» እየተባባሉ፣ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ እስከ መታጠፊያው ይሄዳሉ። አብሮ መሄድ በዕግዱ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም ነበር።

የክዳኑ ጉዳይ ሁለተኛ እሑድ ሲይዝ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ክዳኑ ይህን ያህል አስፈላጊ ነው?» አልኳቸው ወደ ቤት ስንመለስ።

«አብነት» አሉኝ፣ «ክዳኑን ከጨረስን ድንኳኑ ላይ እንደርሳለን። ድንኳኑ ላይ እንጣላለን። ከተጣላን አንቀጹ ይመለሳል፤ ፍቅሩም በዛወርቅን ሳያለቅስ ይቀራል። እስከ ሚካኤል ክዳን ያስፈልገኛል።»

«ለቅሶ እኮ በዕግዱ ውስጥ የለም።»

«እሱን እያሰብኩበት ነው» አሉ፤ ከዚያም በሩን ከፈቱ። ኮቱ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ አየሁት። ትከሻው ላይ አቧራ አልነበረውም።

ክዳኑ አለቀ። የድስቶቹ እጀታ ተከተለ፤ እሱም አለቀ። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ፣ አቶ አስፋው ራሳቸው ወፍጮ ቤት መጡ።

«ክዳን በቃን» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ድንኳኑ የማን ነው? ዛሬ መልስ ካላገኘን ዕግዱ ሐሙስ ሲያበቃ አናድሰውም።»

«ድንኳኑን የሰፋው አባቴ ነው» አለች ማዕረግ። የጋሽ ለገሰ ልጅ ናት፤ የታች ሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙ አትናገርም ነበር። «ከዚህ በኋላ የማን እንደሆነ እኔን ትጠይቁኛላችሁ?»

ገሠሠ ወፍጮውን አስነሣ። ያን ቀን ደግ ሰው መሆኑን አወቅሁ፤ የሚፈጭ እህል ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ወፍጮው ባዶውን ሲጮኽ ሁላችንም ቁጣችንን ዋጥ አደረግን። ሲያጠፋው ጋሽ ወልደ ማርያም ተናገሩ።

«አንድ ነገር ሳናውቅ ነው የምንከራከረው። አግዳሚዎቹ በሙሉ ድንኳኑ ሥር ይገባሉ ወይስ አይገቡም? ከገቡ አንድ ንብረት ናቸው። ካልገቡ ይከፈላሉ። ይህ ሳይለካ ውሳኔ መስጠት አይቻልም።»

«ድሮ ይገቡ አልነበር?» አሉ አቶ አስፋው።

«ሸራ ሲቆይ ይሸበሸባል።»

«እንጨትም ዝናብ ሲመታው ያብጣል» አሉ ጋሽ ፍቅሩ፣ እንደ ሐኪም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

«የት ነው የሚለካው?» አሉ አቶ አስፋው።

«ሰፊ ግቢ ይፈልጋል። የእኔ ግቢ ሰፊ ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም።

«መቼ?»

«የፊታችን እሑድ።»

የፊታችን እሑድ የጥቅምት ሚካኤል መሆኑን በረንዳው ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አቶ አስፋው ጋሽ ወልደ ማርያምን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቷቸው። ሚስማር ሲመርጡ እንደዚያ ያያሉ።

«ለኪዎቹ ይርባቸዋል» አሉ በመጨረሻ።

የተቃወሙ መስሎኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«እህል ካልተጨመረበት ዕግዱ ጎዶሎ ነው ማለቴ ነው። ጻፍ እንጂ አብነት፣ ምን ታየኛለህ?»

«ቤት መግባትም ይጨመር» አሉ ጋሽ ፍቅሩ። «ዝናብ ቢመጣ።»

«አልስማማም» አለች ማዕረግ።

ጋሽ ፍቅሩ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ያለ እሷ እጅ የታች ሰፈር ውሳኔ አይጸናም፤ ውሳኔ ከሌለ ደግሞ ያ ደጅ አይከፈትም።

«ሙት ዓመት መሆኑን የማላውቅ መሰላችሁ? እትዬ በዛወርቅ የመጀመሪያ ቀሚሴን ከአባቴ ጋር ተማክራ ያሰፋችልኝ ናት። አላለቅስላትም አላልኩም።» ወደ እኛ አግዳሚ ዞረች። «ግን ለአባቴ ማን መጣ? ከላይ ሰፈር አንድ ሰው ደጄን ረግጧል?»

ጉሙ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደረጃ ወርዶ ነበር። ጋሽ ወልደ ማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አልመጣንም» አሉ።

ማዕረግ ነጠላዋን አስተካከለች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዱቄት በመዳፏ ጠረገችና ክንዷን አሳረፈችበት።

«አንድ ጊዜ መለካት አይታመንም» አለች። «ሁለት ጊዜ ይለካ። ጠዋት እኔ ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ እርስዎ ግቢ።»

እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ ለልኬት ሥራ ሲባል አንቀጽ ዘጠኝ እሑድ ዕለት ሙሉ በሙሉ ታግዷል፤ ልኬቱ እስኪጠናቀቅም እንደታገደ ይቆያል። የመጨረሻውን ሐረግ ማን እንደጨመረው አላስታውስም። ሁለቱም ወገን ፈረመ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ሰማን። ጡሩምባ ነፊያችን በጨለማው ቁልቁል ወርዶ መንፋት የጀመረው ከታች ሰፈር፣ ከማዕረግ ደጅ ነበር። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

ድንኳኑን ስምንት ሆነን ተሸክመን ወረድን። አግዳሚዎቹ በግቢው ተደርድረው ይጠብቁናል። ስንተክል ዝናቡ ጀመረ። የላይ ሰፈር ሰው ተራ በተራ እየገባ ማዕረግን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዘግይቶ። መጀመሪያ ራሷን እየነቀነቀች ትቀበል ነበር፤ በኋላ አለቀሰች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቀና ብዬ ስፌቱን አየሁ። ሸራው ከሸራ በሚገናኝበት ሁሉ ስፌቱ ድርብ ነው። ውኃ በሌላ በሌላው ቦታ ያንጠባጥባል፤ በስፌቱ በኩል ግን አንዲት ጠብታ አልገባችም።

ከቀትር በኋላ ድንኳኑን ከነውኃው አንሥተን ወደ ላይ ወጣን። አግዳሚዎቹ ከኋላ ተከተሉ። የታች ሰፈር ሰው አግዳሚ፣ የላይ ሰፈር ሰው ካስማ ይዞ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ግን ሸክሙ ተቀያየረና ማን የማንን እንደያዘ ጠፋ። የተሸበሸበም ሸራ፣ ያበጠም እንጨት አልነበረም። ሁሉም ገባ።

ጋሽ ፍቅሩ ግቢው በር ላይ ጥቂት ቆሙ። ጃንጥላቸውን አጠፉ። ከዚያ ድንኳኑን አልፈው ወደ ቤቱ ገቡ፤ እኔም የምግብ ትሪ ይዤ ከኋላቸው ነበርኩ። በሩን ገፋ ሲያደርጉ ኮታቸው ከኋላው ብቅ አለ። ዳሰሱት። አላወረዱትም። ሄደው ከጋሽ ወልደ ማርያም ጎን ተቀመጡ።

«እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉ።

«ቆየህ» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም።

«መንገዱ ዳር ነበርኩ።»

«አይቼሃለሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። ጋሽ ወልደ ማርያም እጃቸውን ዘርግተው ከጓደኛቸው ፀጉር ላይ አንድ ነገር አነሡ፤ ከድንኳኑ የወደቀ ክር ነበር። ጋሽ ፍቅሩ አንገታቸውን ደፉ። ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ውጭ አቶ አስፋው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ይበላሉ። የኮታቸው ኪስ በሜትር አብጦ ነበር፤ የሱቃቸው ሜትር ነው። ቀኑን ሙሉ አላወጡትም።

«ሊቀ መንበር፣ የልኬቱን ውጤት ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

«ዝናቡን አታይም?» አሉኝ። «በዝናብ ይለካል?»

ልኬቱ በዝናብ ምክንያት አለመጠናቀቁን ጻፍኩ። የሚቀጥለው እሑድም ዘነበ። ከዚያ በኋላ ያሉትን እሑዶች ማንም አላነሣም፤ በየሦስት ወሩ ግን ሁለቱ ኮሚቴዎች ተሰብስበው፣ ልኬቱ ገና መሆኑን አረጋግጠው፣ ዕግዱን ያድሱ ነበር። የድንኳኑ ነገር ሳይነሣ ቀረ። በየጥቅምቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ወደ ማንኪራ ይወርዳሉ። ጋሽ ፍቅሩ ዛፍ መውጣት ካቃታቸው በኋላም ይሄዱ ነበር፤ ሌላ ሰው ይወጣል፣ እነሱ ከሥር ሆነው በጭሱ ይጨቃጨቃሉ።

ጋሽ ወልደ ማርያም በ1999 አረፉ። ጋሽ ፍቅሩ በሁለተኛው ዓመት ተከተሉ። ሁለቱም የተለቀሱት በዚያ ድንኳን ሥር፣ በእነዚያ አግዳሚዎች ላይ ነው። ኮቱ የት እንደደረሰ አላውቅም።

አሁን 2009 ነው። ገሠሠ ወፍጮውን ለልጁ አስረክቧል፤ በረንዳው ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ሰዉ በስልክ «ሰላም ነው?» ብሎ ይዘጋል። እኔ አንዳንድ ቀን ወደ ገበያ ስወርድ፣ ቅርጫቷን ሳታወርድ ስለ ጥጃ የምትጠይቅ ሴት እፈልጋለሁ።

ባለፈው እሑድ የሁለቱ ዕድር ኮሚቴዎች ተሰብስበው ነበር። አብዛኞቹ ጋሽ ለገሰን አያውቋቸውም። ከእነሱ አንዱ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ ይህ አንቀጽ ለምን በየጊዜው እንደሚታገድ ጠየቀኝ። ድንኳኑ ገና አልተለካም አልኩት። ማዕረግ ከወዲያኛው አግዳሚ ሆና በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። ሊቀ መንበሩ እጅ እንድናነሣ ጠየቀ፤ ሁላችንም አነሣን።

አንቀጽ ዘጠኝ እስካሁን አልተሻረም።